አባቴ ስለ ፍርሃት የነገሩኝ

የግዳጅ ትእዛዙ የደረሰን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2020 ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። እኔ ያኔ በምንኖርበት የአሜሪካ ስቴት ብሔራዊ ዘብ ውስጥ የሕክምና ረዳት ወታደር ነበርኩ። ትእዛዙ አጭር ነው። በሰሜን ላስ ቬጋስ ጫፍ፣ ኤፔክስ የተባለው የመጋዘን ሰፈር ጋ ሳይደረስ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አለ፤ ከሠራተኞቹ ግማሾቹ በኮቪድ ታመዋል፣ የቀሩት ፈርተው ቀርተዋል፤ ገብታችሁ ያዙት ይላል። «ያዙት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ይህን የምጽፈው ለእህቴ ልጆች ነው። ከሠራዊቱ ከወጣሁ ወዲህ ስለዚያ ጊዜ ደጋግመው ጠይቀውኛል፤ እኔም ወሬ እየቀየርኩ አልፌያቸዋለሁ። አባቴም ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው እንዲሁ ያደርጉን ነበር።

አባቴ በወጣትነታቸው በሰሜን ጦር ግንባር ተዋግተው፣ በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካ የገቡ ሰው ናቸው። እኔና እህቴ እናታችን ስታርፍ መጣንላቸው፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ላስ ቬጋስ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ አጠገብ ባለች አፓርትማ ውስጥ፣ አየር ማረፊያ የመንገደኛ ዊልቸር እየገፉ አሳደጉን። ያን ቀን ጠዋትም ለሺፍት እየተዘጋጁ ነበር። ትእዛዙን አሳየኋቸው። ስልኬን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡት።

«ስንት ቀን ነው?»

«አልተጻፈም አባዬ።»

«መቼም አይጻፍም» አሉና ጫማቸውን ማሰር ቀጠሉ።

አሥራ ሁለት ነበርን። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ብሩክስ፣ በሰላሙ ጊዜ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት። ከእኔ ጋር የተጣመረው ኦርቴጋ ሃያ ዓመት ሙሉ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ያደለ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነበር። ማደሪያችን እንግዳ ያጣ ሆቴል ሆነ። በሽታውን ይዘን እንዳንሄድ ወደየቤታችን መመለስ ተከለከልን።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ኮሪደሩ መሀል ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። ከወዲህ ያልታመሙት፣ ከወዲያ የታመሙት ናቸው። ጋዋን ለበስን። ጓንት ደረብን። ጭምብሉን አጠበቅን። ብሩክስ በእጇ ምልክት ሰጠች። ገባን።

ከየክፍሉ ሰው ይጣራል። የሚጣሩት እኛን አልነበረም፤ ልጆቻቸውን፣ ባሎቻቸውን፣ አንዳንዶቹም እናቶቻቸውን ነው። ሁለት ቀን ልብስ ያልተቀየረላቸው ነበሩ። አጠብን። አለበስን። ውሃ በማንኪያ ሰጠን። የኦክስጅን መጠናቸውን እየለካን ጻፍን። አራት ሰዓት ላይ ሰባት ቁጥር ክፍል ያሉት ሴትዮ እጄን ያዙ። ድሮ የመድረክ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ፎቷቸው ግድግዳው ላይ አለ። የጣቶቻቸው ጫፍ ጠቁሯል።

«አትሂጂ» አሉኝ።

«አልሄድም።»

ኦርቴጋ በሩ ላይ ቆሞ ሐኪም በስልክ ይጠራል። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እጃቸው ላላ።

ከክፍሉ ወጥቼ አንሶላ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጭምብሉ የሚያፍነኝ መሰለኝ። አየር በሳብኩ ቁጥር በሽታው አብሮ የሚገባ መሰለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ስወጣ ኦርቴጋ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ፈራሽ እንዴ?»

«አንሶላ ስፈልግ ነው።»

ባዶ እጄን አየ። «እኔ ካርድ ሳድል እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም» አለ። «እዚህም አይንቀጠቀጥም።»

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሆቴሉ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ «ፈራሽ?» አሉኝ።

«አልፈራሁም።»

የክፍላቸውን በር ሲዘጉ ተሰማኝ። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ።

«አንድ ምሽግ ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነበርን። ከንጋት ጀምሮ ከባድ መሣሪያ ሲወርድብን አረፈደ። እሱ ይንቀጠቀጣል። እኔም ሱሪዬን አርጥቤ ነበር፤ በጭቃ ስለተለወስኩ አላየም። ሳቅኩበት። ‹ሴት ነህ እንዴ?› አልኩት።» እዚህ ላይ ቆም አሉ። ወታደር ለሆነች ሴት ልጃቸው እየነገሩ መሆኑ ትዝ ያላቸው መሰለኝ። «እንዳልፈራ ሊያሳየኝ ብድግ ብሎ ቆመ። እዚያው እንደቆመ ፍንጣሪ መታው። ጠላት ነው የገደለው ይላሉ። እኔ ግን የሆነውን አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ ብዬው ቢሆን ሁለታችንም አጎንብሰን እንውል ነበር።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ነገ ጓደኞችሽን ፈርቻለሁ በያቸው» አሉኝ። «እነሱ የሚያዩት ያንቺን ፊት ነው። አንቺ ከዋሸሽ እነሱም ይዋሻሉ። ንገሪያቸውና ከዚያ ሥራሽን ሥሪ።»

አባቴ ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ መኪና መንዳት፣ ልብስ መተኮስ፣ ሽማግሌ የተቀመጠበትን ዊልቸር ሳያንገጫግጩ ማዞር። ይህን ሲያስተምሩኝ ግን ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከመጦሪያው ፊት ለፊት ተሰለፍን። ብርዱ ያቃጥላል። ብሩክስ «ጥያቄ ያለው?» አለች።

«ፈርቻለሁ» አልኩ። «ትናንት አንሶላ ክፍል ተደብቄ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ብሩክስ መሬት መሬት አየች። «እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ» አለች።

ያኔ ኦርቴጋ ከሰልፉ ወደ ኋላ ወጥቶ ከሁላችንም ራቀ። «ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዬን ያመኛል። ብርድ ብርድም ይለኛል» አለ። «የፈራሁት እሱን መናገር ነው።»

እዚያው ተመረመረ። ተይዟል። የዚያን ቀን ምድቡ ከቀዩ መስመር ወዲህ ነበር፤ ያልታመሙትን ቁርስ ሊያበላ። ወደ ሆቴሉ ሲወስዱት በመኪናው መስኮት እጁን አነሳልን። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሱም አልደበቀውም።

እኛ ሃያ ስድስት ቀን ገባን። ፍርሃቱ ይለመዳል ብዬ ነበር፤ አልተለመደም። በየጠዋቱ መስመሩ ጋ ስደርስ ጭምብሌን ደግሜ አጠብቃለሁ። በየጠዋቱ በሰልፍ ላይ ማን እንደፈራ፣ ማን ምን እንዳመመው እንናገር ነበር። ሁለት ሰው መታመሙ በዚህ መንገድ በጊዜ ታውቆ ለብቻው እንዲቆይ ተደረገ። ኦርቴጋ በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ገባ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አባቴ ጋ ደወልኩ። ቃላቸው አጠረብኝ። በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ይወስዳሉ።

«ምን ሆነዋል አባዬ?»

«ደህና ነኝ። ጉንፋን ቢጤ ነው።»

መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜያለሁ። በሃያ ደቂቃ ቤት እደርሳለሁ፤ ግን መሄድ አልችልም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያች ሰዓት ፈርቼ አላውቅም።

«ፈርተዋል?» አልኳቸው።

መጀመሪያ ሳል ያዛቸው።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «ከትናንት ጀምሮ መተኛት ፈርቻለሁ። እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ። አሁን አምቡላንስ እጠራለሁ፤ እሺ?»

«እሺ ልጄ።»

ጠራሁ። እህቴ ሄዳ የአምቡላንሱን ሰዎች በር ላይ ጠበቀቻቸው። አንድ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነበር አለን ሐኪሙ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝተው ወጡ። ዊልቸር ሲገፉ የኖሩት ሰው ከሆስፒታሉ በር በዊልቸር ተገፍተው ወጡ። ወደ ሥራ አልተመለሱም። ደረጃ ሲወጡ አሁንም በየመሀሉ ያርፋሉ።

ግዳጁ ሲያበቃ ብሩክስ አሰልፋ የሞቱትን ቆጠረች። ከመጦሪያው አሥራ አንድ። ከእነሱ የስምንቱን ስም አውቃለሁ፤ ሦስቱ ስማቸውን ሳላውቅ ነው ያለፉት፣ ይህም ይቆጨኛል። ከእኛ አንድ፣ ኦርቴጋ። በዚያች ጠዋት ቁርስ ሊያበላቸው ከነበሩት አረጋውያን አንዳቸውም አልሞቱም። ልጆች፣ ጀግና ነበርሽ ወይ ትሉኛላችሁ። አልነበርኩም። ሃያ ስድስቱንም ቀን እየፈራሁ ነው የገባሁት።

በ2021 መጀመሪያ ላይ የኦርቴጋን ዕቃ ይዤ ሚስቱ ጋ ሄድኩ። ጭምብል አድርገን፣ ተራርቀን፣ ግቢያቸው ውስጥ ቆምን። ከእኛ ጋር በነበረበት የመጨረሻ ጠዋት ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ነገርኳት፤ ፈርቻለሁ እንዳለን፣ በመናገሩም ማን እንደተረፈ።

«ለእኔ ደህና ነኝ ብቻ ነበር የሚለኝ» አለች።

አላለቀሰችም። እሷም የምትፈራውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ባዶውን አልጋ፣ የልጆቹን ጥያቄ፣ ጠዋት መነሳትን። ጣልቃ ሳልገባ እስክትጨርስ ቆሜ ሰማኋት።