ያሳለፍናቸው ሦስት መኪኖች

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ላይ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በፌስታል የያዘችው ፓፓያ ከመብሰሉ ብዛት ተሰንጥቆ ኖሮ ጠረኑ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ይውጥ ነበር፤ እኔን ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እንሴኖ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ዋንዛ ጥላ ሥር የተቀመጥንበት ረፋድ ትዝ አለኝ።

ያን ዕለት የተነገረኝ ወልቂጤ ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ እንደምንሄድ ነው። አዲሱን ኮንጎ ጫማዬን ጭቃ እንዳይነካው ከመንደራችን ጀምሮ በእጄ አንጠልጥዬው ወርጄ፣ ያጠለቅኩት ዋናው መንገድ ስንደርስ ነው፤ ጫማ ለመኪና እንጂ ለእግር መንገድ የሚገዛ አይመስለኝም ነበር። ዋንዛው ሥር እናቴ ከገበያ የምታውቃት ዘይነባ የምትባል ፓፓያ ሻጭ ትልቁን መርጣ ሰነጠቀችልን። አንዲት ሙዝ ለሦስት ልጅ የምታካፍለው እናቴ ያን ቀን ሙሉውን ለእኔ ተወችልኝ። ፍሬው ሆዴ ውስጥ እንዳይበቅል ፈርቼ አንድ በአንድ እየተፋሁ ስበላ፣ ጭማቂው በክርኔ ሲወርድ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርገኝ፣ ከኋላችን ካለው የእንሰት ቅጠል ላይ የሌሊቱ ዝናብ ሲንጠባጠብ፣ ፀጉሬን ፈትታ መዝሙር በለሆሳስ እያዜመች እንደገና ስትጎነጉነኝ፣ እንደዚያ ቀን ተቀማጥዬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲመጣ "ሞልቷል" አለች። ሁለተኛው ሲመጣ "ሾፌሩ ያበርራል" አለች። ሦስተኛው ባዶ ወንበር እንደነበረው በዓይኔ አይቻለሁ፤ "ቁጭ በይ፣ ሹሩባሽ አላለቀም" አለችኝ።

ዘይነባ ፓፓያዋን እየደረደረች፣ "ወላሂ፣ እኔ ብሆን ይዣት ወደ ቤቴ እመለስ ነበር" አለቻት።

እናቴ ከፀጉሬ ላይ ቀና ሳትል፣ "ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ። እህቴ ልጅ የላትም" ብላ መለሰችላት።

ሰምቻለሁ። ግን ልቤ መኪናው ላይ ነበር። አራተኛው ብቅ ሲል ከእጇ አምልጬ መንገዱ ዳር ሮጥኩና እጄን አወዛወዝኩ። ቆመ። እናቴም ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች፤ የፀጉሬ ግራ ጎን ሳይጎነጎን ተሳፈርኩ።

አክስቴ ቤት አብራኝ አድራ፣ በማግስቱ ሳልነቃ ብቻዋን ተመለሰች። አክስቴ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፤ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። "እማዬ" ስል የኖርኩት እሷን ነው፤ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ማንንም የምወቅስበት አፍ የለኝም።

ከባጃጁ ነገር በኋላ፣ ከትናንት ወዲያ፣ እናቴ ዓይኗን ልትታከም ወልቂጤ መጣችና ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ሁለታችንንም አይታ ፈገግ አለችና፣ "ልጅዎ ናት አይደል? ቁርጥ እርስዎን!" አለቻት።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። "የእህቴ ልጅ ናት" አለች።

አላረምኳትም። ወንበር ፈልጌ አስቀመጥኳት፤ እሷም እንደ እንግዳ ሰው "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለችኝ። አጠገቧ ቆሜ የቃሏን ሕመም ጠበቅኩት። አልመጣም።