ያልሰማሁት ሞተር

የካርቡራተሩ መርፌ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ የናስ ብሎን ነው። በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ይቀንሳል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጨምራል። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ይንተፋተፋል፣ ይሰንፋል፣ ጭሱም ይወፍራል። ነዳጅ ያነሰበት ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ከሁሉም በላይ ይፈጥናል፤ ቅባቱ ከነዳጁ ጋር የተቀላቀለ ነውና ብዙም ሳይቆይ ደርቆ፣ ግሎ፣ ፒስተኑ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልክ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ያ ጆሮ እንደ ከዳኝ ያወቅሁት ለኮሶዬው ውድድር ማኪናዋን በማዘጋጅበት ዓመት ነበር።

ማኪናዋ ርዝመቷ ከክንዴ የማይበልጥ፣ በሪሞት የምትነዳ፣ እውነተኛ ሞተር ያላት ትንሽ የጭነት ማኪና ናት። የምትጠጣው ናይትሮ የሚሉትን፣ ከአልኮልና ከቅባት የተቀመመ ነዳጅ ነው፤ እሱም ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ስለሚመጣ እንደ ጠበል ተቆጥቦ ይፈሳል። ልጄ የገዛቻት ጨዋታውን ከተወ ሰው ላይ ነው። በሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ባስቀመጠቻት ቀን፣ ዕድሜዋ ሠላሳን ያለፈ የባንክ ሠራተኛ በመጫወቻ ምን ትሠራለች ብዬ በልቤ ታዝቤያት ነበር። አፍ አውጥቼ ግን አልተናገርኩም።

መናገር ልማዴ አልነበረም። በወጣትነቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምሬአለሁ፤ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻግሬ እስከ ጡረታዬ ድረስ ታሪክ አስተምሬአለሁ። ከክፍል ውጭ ያለውን ጊዜዬን ከብራና መጻሕፍት ጋር አሳለፍኩት። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የቤቱን ንግግር እሷ ትይዘው ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ እኔና ልጄ ለምሳ ተቀምጠን፣ ወጡ ጨው እንዳነሰው እንኳ ሳንነጋገር የምንነሣባቸው ቀናት በዙ። ከዕለታት አንድ ቀን ልጄ የፈታታችውን ጥርሳ ጥርስ ሁሉ በጋዜጣው ላይ ደርድራ ግራ ገብቷት ስትመለከት ቆየችና፣ «አባባ፣ ይቺ ብሎን የት ነበረች?» አለችኝ። የት እንደ ነበረች አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ እሷ ነጂ፣ እኔ አዘጋጅ ሆንን። ሞተሩን የማስተካከሉም ሥራ፣ ዜማ የለመደ ጆሮ አላቸው ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። በመካከላችን የቀረው ንግግር ሁሉ በዚያች ማኪና በኩል የሚያልፍ ሆነ።

ክረምቱ እንደ ወጣ በግቢያችን ሞተሩን አስነሥቼ ጋዝ ስሰጠው፣ ወፍራሙ ድምፅ ተሰማኝና ወደ ላይ ሲወጣ በመካከል ተቆረጠ። የጠፋ መስሎኝ አጎነበስኩ። ጎማዎቹ ግን ይሽከረከራሉ፤ ከማርሚታውም ጭስ ይወጣል። እጄን ሻሲው ላይ ባደርግ ይንቀጠቀጣል። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ደጋግሞ በዚያው ቦታ ላይ ተሰወረብኝ። የተቀረው የዓለም ድምፅ ደብዝዞም ቢሆን አልተለየኝም ነበር፤ የሄደው የላይኛው ነው። እኔ የምፈልገው ልክ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ማንም አላወቀብኝም። ድሮም ዝም ባይ የሆነ ሰው መስማት ሲሳነው ልማዱን የለወጠ አይመስልም። እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሙስሊም ወዳጄ፣ ቤተሰቡ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጎንደር ንግድ የኖረ፣ አፈ ቀላል ሰው ነው። እሱም የራሱ የውድድር ማኪና አለው፤ በሽበቱ ላይ የፀሐይ ኮፍያ ደፍቶ ራሱ ይነዳል። ከሱቁ ጓዳ ሆኖ ሲያናግረኝ አልመልስለት ስል፣ መምህር ዛሬም ከነገሥታቱ ጋር ነው ያለው ብሎ ደንበኞቹን ያስቅብኝ ነበር። እኔም ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። ቀልዱ የሚደርሰኝ ግን በከንፈሩና በሰዎቹ ሳቅ ነበር።

ለልጄ ያልነገርኳት ለምን እንደ ሆነ ራሴን ጠይቄአለሁ። ብነግራት ካቻቢቴውን በትሕትና ከእጄ ትቀበለኝ ነበር። ከዚያም ሌላ አዘጋጅ ትፈልጋለች፤ ሠርታ ስትመጣ ደኅና ዋሉ ትለኛለች፤ ደኅና ዋልኩ እላታለሁ፤ ምሳችንም እንደ ቀድሞው ይሆናል። የፈራሁት ይህንን ነው።

ስለዚህ በሌላ መንገድ ማስተካከል ጀመርኩ። የጭሱን ውፍረት በነጭ ግድግዳ አንጻር ማየት ተማርኩ። በሞተሩ ራስ ላይ የውኃ ጠብታ አሳርፌ፣ ቀስ ብላ ብትተን ልኩ ነው፣ ተንጫጭታ ብትጠፋ ግሏል እላለሁ። እጄን ሻሲው ላይ አድርጌ ንዝረቱን እለካለሁ። ጎንደር ላይ ይህ ሁሉ ሠራልኝ። ልጄም በስታዲየሙ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነድታት ስትመለስ፣ «ዛሬስ ሸጋ ናት» አለችኝ፤ የእናቷን አነጋገር ተውሳ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቴ ባሰ፤ ምክንያቱም ውድድሩ ጎንደር ላይ አይደለም።

ኮሶዬ ከከተማው እጅግ ከፍ ያለ፣ አየሩ የሳሳ፣ ብርዱ የበረታ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ለጎንደር ልክ የነበረው ነዳጅ ለዚያ ይበዛል፤ መርፌውን እዚያው በቦታው ወደ ቀኝ ማዞር ግድ ይላል። ምን ያህል? መጽሐፍ አይነግርህም። ሁለተኛ ሞተር ደግሞ የለንም፤ አንድ ጊዜ ከተጣበቀ በአገር ውስጥ የሚተካው አይገኝም። ከኮሶዬ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ያልፋሉ፤ ልጄም የዓመት ፈቃዷን ለዚያ አስቀምጣዋለች።

የመጨረሻውን ሳምንት በእጄ ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ በመሥራት አሳለፍኩት። የአየር ማጣሪያውን አጥቤ በዘይት ነከርኩት። በሁለቱ ጥርሳ ጥርሶች መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብቼ ርቀታቸውን ለካሁ። የጎማዎቹን ጠርዝ ዳግመኛ አጣበቅሁ። አሞርዛተሮቹን ፈትቼ ዘይታቸውን ለወጥኩ፤ ያልተበላሸውንም ፈትቼ ገጠምኩ። ልጄ ከሥራ ስትመጣ ታየኝና፣ ይህን ትናንት አልሠሩትም ወይ ትለኛለች። ሠርቼዋለሁ እላለሁ። መርፌውን ግን አልነካውም፤ ባየሁት ቁጥር ዓይኔን አነሣለሁ።

የጥር ወር ነበር። በየጊዜው የሚዘጋው፣ በኮሶዬ የሚያልፈው የደባርቅ መንገድ በዚያ ሰሞን ተከፍቶ ስለ ነበር ጠዋት ተነሥተን ወጣን። ውድድሩ የሚደረገው ውቂያው ባለቀበት አውድማ ላይ ነው። የአውድማው ባለቤት ገበሬ መሬቱን በእበት ለቅልቆ እንደ ሲሚንቶ ያጠነከረው፣ ለማኪናዎቹ ጎማ ከአስፋልት የተሻለ የሚይዝ ሜዳ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የታጨደ ማሳ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሆነ። ነጂዎቹ የሚቆሙት በአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው። ከጎንደርና ከባሕር ዳር የመጡ ጥቂት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ሁሉም እርስ በርሱ የሚተዋወቅ።

በማጣሪያው ዙር ማኪናችን ልክ እንደ ፈራሁት ሆነች። ከመታጠፊያው ስትወጣ ትንተፋተፋለች፤ በቀጥታው ላይ ሌሎቹ ያልፏታል። ለፍጻሜው የደረስነው ሁለት ማኪናዎች ተጋጭተው ስለ ቀሩ ብቻ ነው። ወዳጄ አጠገቤ መጥቶ ጭሳችንን እያሳየ፣ መምህር ማኪና ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር ጥና ነው እንዴ አለ። ገበሬውም ከበስተኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ።

«አያ፣ ምነው ይቺ ነገር እንዲህ ትጮኻለች? ጥጃዬ እናቷን ጥላ ሸሸች።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ከማሳው ማዶ ያለች ጥጃ የሰማችውን እኔ ከሞተሩ አጠገብ ቆሜ አልሰማሁትም ነበር።

ከፍጻሜው በፊት ለማሞቂያ የሚፈቀድ አጭር ጊዜ አለ። ማኪናዋን ሣጥን ላይ አስቀምጬ ካቻቢቴውን አወጣሁ። ጭሱን ለማየት ሞከርኩ፤ ከገደሉ አፋፍ የሚመጣው ነፋስ ከማርሚታው ሳይወጣ ይወስደዋል። ውኃ አንጠባጠብኩ፤ ብርዱ የሞተሩን ራስ ስላቀዘቀዘው ጠብታዋ ምንም አልነገረችኝም። እጄም ደንዝዟል፤ ንዝረቱን ከራሴ መንቀጥቀጥ ለመለየት አልቻልኩም። ወደ ቀኝ ማዞር እንዳለብኝ አውቃለሁ። የት ላይ እንደምቆም ግን የማውቅበት አንዳች ነገር አልቀረኝም። ልጄ ሪሞቱን ይዛ አጠገቤ ቆማ ትጠብቀኛለች። በግምት አዙሬ ዝም ማለት እችል ነበር። ሞተሩ ቢጣበቅ ብርዱ ነው፣ ነዳጁ ነው ቢባል የሚጠራጠር አይኖርም።

«ድምፁ አይሰማኝም» አልኳት።

በነፋሱ ምክንያት መስሏት ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች።

«ነፋሱ አይደለም። ከክረምት ጀምሮ የላይኛው ድምፅ አይሰማኝም።»

ፊቷን ከነፋሱ መልሳ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ቀርባ፣ «እንግዲያ ጎንደር ላይ ምኑን ነበር የሚያዩት?» አለች።

«ጭሱን።»

«እዚህ ጭሱ አይታይም።»

«ስለዚህ ነው የነገርኩሽ።»

ካቻቢቴውን ዘረጋሁላት። ዓይኗን ከካቻቢቴው ላይ ሳትነቅል፣ እሷ መንዳቱን እንጂ መርፌውን አንድም ቀን ነክታ እንደማታውቅ ተናገረች። ድምፁ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ አልኳት። ልትነግረኝ ሞከረች፤ ይጮኻል፣ ይንተፋተፋል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ አለችና ቃል አጣች። ጊዜው እያለቀ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ሳለች ድምፅ ስትቀበል አንድ ጊዜ የሰማችውን እንደማትስት ትዝ አለኝ።

«በድምፅሽ አውጪው» አልኳት። «እሱ በሚጮኽበት ሳይሆን ዝቅ አድርገሽ፣ በወፍራሙ። ሲወጣ ውጪ፣ ሲወርድ ውረጂ።»

ማኪናዋን አውርዳ በቀጥታው ላይ ለቀቀቻት፤ አፏን በጆሮዬ ላይ አድርጋ እያንጎራጎረች። እኔም ከወራት በኋላ ያንን ሞተር ሰማሁት። ድምፁ የልጄ ነው፤ መንተፋተፉ ግን የእሱ ነው። ስትመለስ መርፌውን ወደ ቀኝ ጥቂት አዞርኩ። ደግማ ለቀቀቻት፤ ድምፁ ጠራና ከፍ አለ። በዚያው ብቆም ይበቃ ነበር፤ ሥሥት ያዘኝና ጥቂት ጨመርኩ። በሦስተኛው ላይ ድምፁ ወደ ላይ ተወነጨፈ፤ ከማሳው ጫፍ ሲደርስ ግን እንደ ሰለለ ጉሮሮ ወረደ። ነዳጅ የተራበ ሞተር እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሌላ ዙር ቢደገም ኖሮ ያበቃ ነበር። መርፌውን ወደ ኋላ መለስኩት። ዳግመኛ ስታንጎራጉርልኝ ድምፁ ወጥቶ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይወርድ ቆየ።

ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ይመለከቱን ነበር። ወዳጄ የራሱን ማኪና ታቅፎ ሲያልፍ፣ ለሞተሩ ምሕላ ያዛችሁለት እንዴ አለ። ይህን እንኳ ሰማሁት፤ ፊት ለፊቴ ነበርና።

ፍጻሜው ሲጀመር ልጄ የጭነት መኪናው ላይ ወጣች፤ እኔ ነዳጅ መሙያውን ይዤ ከታች ቀረሁ። ከዚህ በኋላ የምሰማው የለም። በየዙሩ ማኪናዋን ሳይሆን የልጄን ከንፈር እመለከት ነበር። ታንጎራጉር ነበር፤ እንደማያት አውቃ ሳይሆን አይቀርም፣ ወይም አንዴ ጀምራው መተው አቅቷት። ከንፈሯ እስካልቆመ ድረስ ሞተሩ ደኅና ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማኪናዋ ነዳጅ ለመሙላት ስትገባ ዓይኔ የልጄ ከንፈር ላይ ስለ ነበር ግማሹን በሻሲው ላይ አፈሰስኩት፤ በዚያ ምክንያት አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ቀደመን። ዳግመኛ ስትወጣ ቀና ብዬ አየሁ። ከንፈሯ ቆሟል።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሁሉ ለመጻፍ አልሞክርም። ማኪናዋ ከማሳው ጫፍ ዞራ ወደ እኛ ስትመጣ ሳያት ብቻ ነው ልጄ ዝም ያለችው ጥርሷን ነክሳ ወዳጄን ለማለፍ መሆኑ የገባኝ። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ አለፈችው። ሁለተኛ ወጣን።

ወዳጄ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። ሦስተኛ የወጣ ሰው ነውና ትንሽ ቅር ብሎታል። ልጅህ እየነዳች ታንጎራጉራለች፣ እኔን ለማዘናጋት ነው አለ።

«ለእኔ ነው የምታንጎራጉረው» አልኩት። «ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል።»

ሁለተኛ ጊዜ መናገሩ ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ወዳጄ ኮፍያውን በእጁ አገላብጦ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እንዳይ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ፣ «እኔ ደግሞ የናቅኸኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ልጄ ሰኞ ከባንክ ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ዘንድ እንደምትወስደኝ ነገረችኝ። እሺ አልኩ። ሐኪሙ የሚለውን እፈራዋለሁ፤ የቀረውም ድምፅ ወደ ታች እየወረደ እንዳይሄድ፣ አንድ ቀን የእሷም ድምፅ እዚያው መቁረጫው ላይ ደርሶ እንዳይቀር እፈራለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ ከኮሶዬ ዝቅ ያለ ነው፤ መርፌው እንደገና ወደ ግራ መከፈት አለበት። ይህንን በመንገድ ላይ ነገርኳት። ልጄም ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ እዚያ ስንደርስ ድምፁ ምን ሊመስል እንደሚገባው ጠየቀችኝ። እኔም ከስንት ዘመን በኋላ አፌን ከፍቼ፣ በሻከረው ድምፄ፣ አንጎራጎርኩላት።