የሁለት ሲሊንደር ኮምፕሬሽንና የአያ ታከለ ስም

ሙሳክ የገባሁ ዕለት ባለቤቱ ሺሞን የሙያ ወረቀቴን እንኳ ሳያይ መጥረጊያ አስጨበጠኝ። እኛ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ያለን ሰዎች ጋራዥን ሙሳክ ነው የምንለው። «መካኒክ ነኝ እኮ» አልኩት። በውትድርናዬ ከታንክ ሞተር ሥር ወጥቼ አላውቅም። «እናያለን» ብሎኝ ወደ ቢሮው ገባ። ደሜ እየፈላ ጠረግሁ።

መጥረጊያውን ከእጄ የተቀበሉኝ አያ ታከለ ናቸው። ጎንደር የጭነት መኪና ሲጠግኑ ኖረው የመጡ፣ የሙሳኩ አንጋፋ መካኒክ። «ተወው፣ ና ይችን ቴስታታ አብረን እናንሳ» አሉኝ፤ የሞተሩን ራስ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ሠራን።

አንድ ጠባያቸው ግን ያቃጥለኝ ነበር። ሺሞን ሲጮህባቸው እጃቸውን አጣምረው መሬት መሬት ያያሉ። እኛ ዘንድ አለቃ ፊት የሚቆመው እንዲህ ነው፤ አክብሮት ነው። ሺሞን ግን እንዲያ የቆመ ሰው ሲያይ ጥፋቱን ያመነ ይመስለዋል። «ኧረ አያ፣ ይመልሱለት እንጂ!» እላቸዋለሁ። «ይጩኽ፣ ሲደክመው ይተዋል» ይሉኛል።

እንዲህ እንዳለን አቪ የሚባል የካርሜ ጋት ሰፈር ደንበኛ የአባቱን መኪና ይዞ መጣ። አረንጓዴ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ የድሮ ስፖርት መኪና ናት። አያ ታከለ ቴስታታዋን ፈትተው፣ ከሥሩ አየር እንዳያፈስ የሚነጠፈውን ጋርኒሲዮን ቀይረው፣ አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ ቫልቮቿን አስተካክለው ሲያስነሷት ሞተሯ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቲክ ቲክ እያለ ሠራ።

ያ ቲክ ቲክ ለድሮ ሞተር ጤናው ነው። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ ስለዚህ በቫልቩና ቫልቩን በሚገፋው ብረት መካከል ትንሽ ክፍተት መተው አለበት። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አቪ ወሰዳት፤ ብዙም ሳይቆይ እየተንቀጠቀጠች ተመለሰች። ዳገት አልወጣም አለች። ሺሞን ራሱ ኮምፕሬሽኗን፣ ሲሊንደሮቿ አየር የሚያምቁበትን ግፊት፣ ለካ። ዳርና ዳር ያሉት ሲሊንደሮች ደህና ናቸው፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ወድቀዋል። «ጎረቤታሞቹ አብረው ወደቁ! ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል! ታከለ ቴስታታውን በደንብ አላጠበቀውም!» ብሎ በአቪ ፊት ጮኸ። አያ ታከለ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። «አየህ? መልስ እንኳ የለውም» አለው ለአቪ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «ማስፒክ! በቃ፣ ወደ ቤትህ ሂድ፣ አትመለስ» አላቸው።

ጡረታቸው ገና አልደረሰም። የኢንዱስትሪ ቀጠናው ሙሳኮች ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃሉ፤ ሞተር አበላሸ የተባለን ሽማግሌ ማን ይቀጥራል? ቱታቸውን ሰቅለው ወጡ።

እሳት ጎረስኩ። «ሳይፈተሽ ሰው ይባረራል?» ብዬ መፍቻዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ጎበዝ ከሆንክ አንተ ፈትሽ» አለኝ ሺሞን።

ፈተሽኩ። ሞተሩን አሙቄ፣ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሁሉ አውጥቼ፣ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው አስረግጬ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። በወደቁት ሲሊንደሮች ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግሁ፤ ጥፋቱ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ይደፍነውና ልኬቱ ከፍ ይል ነበር። አላለም። ከዚያ ፒስተኑን ወደ ላይ አምጥቼ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ነፋሁ። ጋርኒሲዮን ቢሆን አየሩ በጎረቤቱ ሲሊንደር ይወጣል፣ ወይም የራዲያተሩ ውኃ አረፋ ይደፍቃል። ውኃው ንቅንቅ አላለም። አየሩ ፉ እያለ የሚወጣው በጭስ ማውጫው ነው። ቫልቩ አልዘጋም ማለት ነው።

የቫልቮቹን ክዳን ከፍቼ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶቹን ብሰድ ቀጭኑ እንኳ አልገባ አለ። በሁለቱ ሲሊንደሮች ላይ ክፍተት የሚባል የለም! ሰው አጥብቋቸዋል።

ዞር ስል ኤሊ፣ አብሮን የሚሠራው የሺሞን ሚስት ወንድም፣ ቀስ ብሎ ሊሸሽ ነው። «አንተ! ነክተሃል?» አልኩት። «አቪ ሊወስዳት ሲመጣ ድምፁ ይረብሻል አለ። የባሱትን ሁለቱን ድምፁ እስኪጠፋ ትንሽ አጠበቅኋቸው» አለኝ። ትንሽ! የጋለ ቫልቭ መዝጋት እስኪያቅተው ድረስ ትንሽ!

ለአያ ታከለ ደወልኩላቸው። «ኤሊ ክዳኑን ሲከፍት አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«የሰውየውን አማች በእንግዳ ፊት ላዋርድበት? ነውር አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ስልኩን ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም። «ነውሩ በአንቱ ላይ ተደፋ እኮ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በዕድሜዬ አባቴ የሚሆን ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ክፍተቱን አስተካክዬ ስለካ አራቱም ሲሊንደሮች እኩል መጡ። ቫልቮቹ ሳይቃጠሉ ደርሰንላቸዋል። ሺሞን ልኬቱን አየ፣ ኤሊን አየ። «እሺ፣ ነገ ይምጣ። ለአቪ ጠግነናታል እንለዋለን» አለ። ይኸው ነው! ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

በነጋታው አያ ታከለ መጡ፤ ቱታቸውን ግን አልለበሱም። «ያላ፣ ቶሎ በል፣ ሥራ አለ» አላቸው ሺሞን። ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ሞተር አበላሸ ስትለኝ አቪ ቆሞ ነበር» አሉት። «አላበላሸም ስትልም አቪ ይቁም።»

ሺሞን ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። እሳቸው ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም፤ እኔም መፍቻዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ቆምኩ። በመጨረሻ ሺሞን ስልኩን አነሳ።

አቪ መጣ። ሺሞን ቃሉን እያኘከ፣ «ጥፋቱ የታከለ አልነበረም። ኤሊ ነው ያጠበቀው፤ እኔም ሳልፈትሽ ተናገርኩ» አለ። አቪ የአያ ታከለን እጅ ጨበጠ። እሳቸውም ሄደው ቱታቸውን ለበሱ።

እኔ ዛሬ ጡረታ ወጥቼም ንዴቴ አልወጣልኝም። መካኒክ ለሚሆኑ የእኛ ልጆች የምላቸው ይህን ነው። ኮምፕሬሽን ሲወድቅ ቴስታታ ከማንሳታችሁ በፊት የቫልቩን ክፍተት ለኩ። ያላጠፋችሁትን አጠፋችሁ ስትባሉ ደግሞ እዚያው፣ ደንበኛው ሳይሄድ ተናገሩ።