አባቴ ድምፅ የሰጠው ጀግና

በቅርቡ ልጄ ስልኳ ላይ አንድ በጣም ያረጀ የካርቱን ፊልም አገኘችና «እማዬ፣ ሁሌ የምታወሪለት ይሄ ነው?» ብላ አሳየችኝ። ካባ የለበሰ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ከሰማይ ተወርውሮ የሚወርድ ጀግና። መልኩን ወዲያው አወቅኩት። አፉን ሲከፍት ግን ደነገጥኩ፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጣል አድርጎ ወደ ቡጢው ሄደ። እኔ የማውቀው እንዲህ አልነበረም። የኔው በአማርኛ ነበር የሚያወራው፣ ያውም ወሬ አብዝቶ።

ኖርዌይ፣ ኦስሎ በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ቶየን የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ በሰጠን ትንሽ ቤት። አባቴ ብሪን አካባቢ ቢሮ ያጸዳል። አንድ ቀን ቤት የሚለቁ ሰዎች ሊጥሉት ካወጡት ዕቃ መካከል የቪዲዮ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አስፈቅዶ ይዞ መጣ። አብዛኞቹ የድሮ ካርቱኖች ነበሩ፤ ሥዕሉ የሚንቀጠቀጥ፣ ሙዚቃው የሚንኮሻኮሽ። ችግሩ፣ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የአባቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። እሱ ግን ምን ገዶት! እኔንና ታናሽ ወንድሜን ግራና ቀኝ አስቀምጦ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይዘጋና ራሱ መናገር ይጀምራል። እጁ ቢታጠብም የማይለቅ የጽዳት ሳሙና ይሸት ነበር። እስከዛሬ ያ ሽታ ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል።

ጀግናው በአባቴ አፍ ጨዋ ሰው ሆነ። ከሚቃጠል ፎቅ አሮጊት ሊያወርድ ሲደርስ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ፣ በመስኮት ገባሁብዎት። ነጠላዎን እንዳይረሱ፣ ላይ ብርድ አለ» ይላል። ከተማውን በሮቦት የሚያተራምሰው ክፉ ሰውዬ ደግሞ እንደ ቀበሌ ሹም ነው፤ «ዛሬ አይቻልም! ነገ ተመለሱ!» እያለ ይጮኻል። እናቴ ልብስ እያጠፈች በሳቅ ትፈርሳለች።

ያን ጊዜ እኔ ትምህርት ቤት አልናገርም ነበር። ኖርስኩ፣ የአገሩ ቋንቋ፣ ይገባኛል፤ አፌ ነው አልከፈት ያለኝ። ቃሉን በልቤ አሰናዳለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ብን ብሎ ይጠፋል። በመጨረሻ አስተማሪዬ እናቴን ጠርታ፣ ልጅቷን ባለሙያ ቢያያት ይሻላል አለቻት። እናቴ ነገሩ በደንብ ስላልገባት የታያት ክፉ ክፉው ነበር። ለአባቴ በሹክሹክታ «እዚህ አምጥተን ምን አደረግናት?» ስትል ሰማኋት።

አንድ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ከታች ፎቅ የምትኖረው፣ ከእኔ ጋር የምትማረው ኢንግሪድ ነበረች። የዚህ አገር ልጆች ከረሜላ የሚፈቀድላቸው ቅዳሜ ነውና የራሷን በወረቀት ከረጢት ይዛለች። ሳቃችንን ደረጃው ላይ ሰምታ ኖሯል። እናቴ አስገብታት እርጥብ የሱፍ ጓንቷን ማሞቂያው ላይ ዘረጋችላት፤ ቤቱ ሱፍ ሱፍ ሸተተ። አባቴ ቀጠለ። እኛ ስንስቅ ኢንግሪድም ሳይገባት ትስቃለች። ቆይታ ጎሸም አደረገችኝና በኖርስክ «ምን አለ?» አለችኝ።

ደግማ ጠየቀችኝ። ያን የመሰለ ጨዋታ ሊያመልጣት መሆኑ አሳዝኖኝ ይሁን እንጃ፣ «ሻርፕዎን እንዳይረሱ ነው የሚላት» አልኩ፣ ነጠላውን ሻርፕ ብዬ። በኖርስክ! ኢንግሪድ በሳቅ ተንከተከተች። «እሺ፣ ከዚያስ?» ከዚያማ አባቴ ሲናገር እኔ መተርጎም ያዝኩ።

ጀግናው የሚፈርስ ድልድይ በትከሻው ደግፎ ሳለ አባቴ ድንገት ዝም አለ። የጀግናው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«አባዬ፣ ተናገር እንጂ!»

«እኔ ደከመኝ፤ አንቺ ቀጥዪ» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ኢንግሪድ አፌን እያየች ትጠብቃለች። ድልድዩ ሊወድቅ ነው። በኖርስክ ቀጠልኩ፤ ካሴቱ እስኪያልቅ፣ ያልተባለውን ሁሉ እየፈጠርኩ። ቀና ስል እናቴ ያጠፈችውን ልብስ ታቅፋ ቆማለች። አንድም ቃል ሳይገባት እየሳቀች ታለቅሳለች።

ሰኞ ኢንግሪድ ለክፍሉ ሁሉ «እሷ እኮ ትናገራለች! ደግሞ በጣም ታስቃለች!» ብላ አወጀች። አስተማሪያችን ተነሺ ቁሚ አላለችኝም፤ ወንበሯን አጠገቤ ስባ «እስቲ ስለ ጀግናሽ ንገሪን» አለችኝ። ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ኋላ ለሁሉም። የባለሙያው ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ዛሬ እዚሁ ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር፣ አንድ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ውስጥ ከሕፃናት ጋር እሠራለሁ። ቋንቋ ያልያዘ ልጅ ሲመጣ አላስቸኩለውም። አሻንጉሊት አንስቼ አናግርለታለሁ፤ ነገሩ ሲጥመው ዝም እልና እጠብቀዋለሁ። ይህን ከኮርስ ያመጣሁት የሚመስላቸው የሥራ ባልደረቦች አሉኝ።

የኔ ልጅ ጀግኖቿን በፈለገችው ቋንቋ ታያለች፤ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እኛ አንድ ሶፋ ላይ ተጣብበን፣ አንዱን ካሴት እስኪላላ ደጋግመን ነበር የምናየው። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር አይሆንልኝም፤ እሷም ደስተኛ ናት፣ እኔም ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ አስጠርታኝ፣ እንደ ማፈር እያለች፣ ልጅሽ ወሬ ታበዛለች፣ ሌሎቹ ተራ አያገኙም አለችኝ። «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ወጣሁና ባቡር ስጠብቅ ለአባቴ ደወልኩለት። እስኪያስለው ሳቀ።

«እና ልትቆጪያት ነው?»

«ምን ላድርግ፣ አስተማሪዋ አዝዛኛለች።»

«ተያት ባክሽ» አለ አባቴ፤ «ታውራ።»