ጋሽ ታደሰ ቀርበዋል

ብታምኑም ባታምኑም፣ ይኼ ነገር የደረሰብኝ ቀራንዮ ተከራይቼ ስኖር ነው። ስልክ ላይ ተዘግቶም ቢሆን ውስጥ ውስጡን በብሉቱዝ የሚሠራ አፕ እየሠራሁ ነበር፤ ከአፑ ጋር የተገናኘ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው ሲጠጋኝ ይነግረኛል። ለሙከራ ሰዓቱን ለአከራዬ ለጋሽ ታደሰ አሰርኩላቸው። ገና በሬን ሳያንኳኩ ስልኬ «ጋሽ ታደሰ ቀርበዋል» ይለኛል።

ጋሽ ታደሰ ድንገት አረፉ። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።

«ጋሽ ታደሰ ቀርበዋል።»

ሰዓቱን አንዱ ዘመድ አድርጎት ይሆናል ብዬ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እጁ አብጦ አልወልቅ ቢል ከነሰዓቱ ገነዙት እኮ፣ ልጄ።»

ይኼኔ አንድ ለቀስተኛ ከጎኔ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ሊቀመጥ መጣ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘረጉ።

«እዚያ አትቀመጥ፤ ሰው አለው።»