የስንቅ ቆጠራ

ከማክሰኝት በሬ አይቼ ስመለስ አዘዞ ላይ ከሚኒባስ አወረዱኝ። «ጸጉረ ልውጥ ነህ» አለኝ ወታደሩ። «ጸጉሬማ ሸበተ እንጂ አልተለወጠም» አልሁት። አልሳቀም። ጫካ ላሉት ስንቅ ታቀብላለህ ተብዬ ታሰርሁ።

ያስገቡን ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ገና የጤፍ ብናኝ ይሸታል። ሽታውን ስለማውቀው ብዙም አልከፋኝ። ከጎኔ የጎንደር ነጋዴ ነበር፤ እስላም ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። በወዲያኛው ጎኔ ከዩኒቨርሲቲ ያመጡት ወጣት መምህር። ይህ መምህር ኮምፒውተር ያስተምራል። ሰው አይደለም የሚያስተምረው፣ ኮምፒውተሩን ራሱን ነው። በምን አለንጋ ብዬ ብጠይቀው፣ «በምሳሌ ነው፣ አያ። ብዙ ምሳሌ ይጎርስና አዲሱን ከዚያ ተነስቶ ይገምታል» አለኝ።

የመንግሥት ዳቦ ለሁላችን ይደርስ ነበር። ስንቅ ግን ዘመዱ ቅርብ ለሆነ ነው። ለነጋዴው በየቀኑ ሳህን በሳህን ላይ ተደርቦ ይገባል። የኔ ቤት ከዳባት ማዶ ነው፤ መንገዱም ተዘግቷል፤ ማን ይመጣል? ነጋዴው «ኑ ብሉ» ሲለን «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። እንዲህ የምንል ብዙ ነን።

አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ፣ «የዚህ ክፍል ስንቅ ለሁሉ ቢካፈል ይተርፋል። ከነገ ጀምሮ ዳቦ የለም» ብሎ ሄደ።

መምህሩ ብድግ አለ። «አማካዩን እንጂ ስርጭቱን አላየም!»

«በሰው ቋንቋ ተናገር» አለው ነጋዴው።

«አማካይ የእኔን ባዶና የእርስዎን ሙሉ ሳህን ደባልቆ ለሁለት መክፈል ነው። ስርጭት ደግሞ ለማን ምን እንደ ደረሰ ማየት ነው።»

ከነጋዴው የሽምብራ ቆሎ ዘገነና በአቧራው ላይ በጣቱ መስመር አሰመረ። በዚህ ዳር ምንም የማይገባለት፣ በዚያ ዳር በየቀኑ የሚገባለት፣ መሐሉ አልፎ አልፎ የሚገባለት። ለአንድ ሰው አንድ ሽምብራ እያስቀመጠ ይጠይቀን ጀመር።

«ለእርስዎስ፣ አያ?»

«ተመስገን፣ አልፎ አልፎ ይገባልኛል» አልሁ።

በሩ ሥር የሚያስል የጃናሞራ አናጢ ነበር፤ ከገባ ጀምሮ ሊጠይቀው የመጣ ሰው የለም። እሱም «አልፎ አልፎ» አለ። ሌላውም እንደዚያው። ሽምብራው መሐል ላይ ተቆለለ፣ ግራና ቀኙ እየሳሳ ወረደ።

«ሸጋ ጉብታ!» አልሁ።

መምህሩ ተቆጣ። «ይህ ሁሉ ስንቅ በየት በር ገባ? ዋሻችሁኝ እኮ! ይህን ባሳየው ኃላፊው ልክ ነው።»

ነጋዴው በሳቅ ፈረሰ። «ወንድሜ፣ የኛን አገር ሰው አጣህ ወይ ብለህ ትጠይቃለህ? ቢሞት አይነግርህም!»

«ማሽኑም እንዲሁ ነው» አለ መምህሩ። «ሐሰት ቢያጎርሱት ሐሰት ይማራል። ይሉኝታ መሆኑን በምን ያውቃል?»

«ምነው አንተ!» አልሁት። «ሽማግሌ በሰው ፊት ቆሞ አጣሁ ይበል?»

«አይበሉ። ግን ነገ ዳቦው ሲቀር ያ አናጢ ምን ይበላል?»

ተናድጄ ፊቴን አዞርሁ። ዓይኔ ግን አናጢው ላይ አረፈ።

እኩለ ቀን ላይ ኃላፊው ተመለሰ። መምህሩ ሊያስረዳው ሲጀምር «ዝም በል!» አለውና ወደኛ ዞረ። «ስንቅ የማይገባለት ማነው? እስኪ ይናገር።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። አናጢው ሳሉን ዋጠ።

ተነሳሁ። ጋቢዬን አስተካከልሁ። «እኔ የለኝም። ስንቅ ያቀብላል ተብሎ የታሰረው ሰውዬ ስንቅ የለውም!» ነጋዴው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ በሩ ላይ ያለው ዘብም ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ወደ በሩ ግድግዳ ሄጄ ቆምሁ። «የሌለው ወደዚህ!»

አናጢው ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ተገፋፍተን መቆሚያ አጣን። በማዶው ግድግዳ ነጋዴውና ጥቂት ሰዎች ሳህናቸውን ታቅፈው ቀሩ። መሐል ወለሉ ላይ አንድም ሰው የለም።

መምህሩ ባዶውን ወለል በጣቱ አሳየ። «ጌታው፣ የእርስዎ አማካይ እዚያ ነው የቆመው።»

ኃላፊው ወለሉን አየ። በሩን ዘግቶ ወጣ። በማግሥቱ ዳቦው መጣ።

ነጋዴው ግን እስከ ማግሥቱ አልጠበቀም። «አጣን ብላችኋል! ከእንግዲህ ጠግቤያለሁ የሚለኝን አልሰማም!» ብሎ እጄን ይዞ ወደ ሳህኑ ጎተተኝ። አናጢውም ከነጋዴው ሳህን ሲጎርስ አየሁ።

አሁን ተፈትቼ ቤቴ ነኝ። ባለፈው አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጥታ ለእርዳታ ምርታችንን ስትመዘግብ፣ ጎረቤቴ «ተመስገን፣ ሞልቷል» አላት። ማሳውን በረዶ እንደ ከብት ረግጦታል። «ልጄ፣ ቆይ አትጻፊ» አልኋትና እጇን ይዤ ወስጄ ማሳውን አሳየኋት። ጎረቤቴ እስካሁን አኩርፎኛል። እርዳታው ሲመጣ ይታረቀኝ ይሆናል፤ እስከዚያ ሰላምታውን እኔው እጀምራለሁ።