በየቤታችን ያደረች ላንድሮቨር

ረሂማን «የቃሲም ሚስት» እያለ የሚጠራ ሰው ዛሬም ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አይጠፋም። በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቃሲም ጥሩ ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ነገር ግን ያቺን አሮጌ የናፍታ ላንድሮቨር በእግሯ ያቆማት፣ በዝናብም በጭቃም ፎንቆና አዲሎ ገበያ ያደረሳት ረሂማ ናት። እኔ ገነቴ፣ ጎረቤቷ፣ በዓይኔ ያየሁትን እጽፋለሁ። የማይጥመው ካለ የራሱን ይጻፍ።

ቃሲም መኪናዋን የገዛት ከአንድ የእርሻ ድርጅት በጨረታ ነው፤ ያኔም ዕድሜዋን ጠግባ ነበር። ብዙ ሳይነዳት ወገቡን ታመመ። ሐኪሙ ጎንበስ እንዳትል አለው፤ ጎንበስ ሳይሉ ደግሞ አሮጌ መኪና አይያዝም። ስለዚህ እሱ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አስነጥፎ ይጋደማል፣ ረሂማ ቱታውን ለብሳ ከመኪናዋ ሥር ትገባለች። እሱ ከላይ ይጮሃል፣ እሷ ከታች ትጮሃለች።

«ግራውን አልኩሽ!»

«ያንተን ግራ ነው የኔን ግራ?»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ፍሬኑን ቀየሩ፣ ፍሪሲዮኑን አወረዱ፣ ሞተሩን ከፍተው መልሰው ዘጉ። ቃሲም ሲሞት ረሂማ ከሱ የበለጠ ታውቅ ነበር። «ሴት ልጅ መኪና ሥር!» ያላት ሁሉ መኪናው የተበላሸበት ዕለት በሯን ሲያንኳኳ አይቻለሁ። እሷም ትሠራለታለች፤ ግን ሳትሰድበው አትለቀውም።

በእኛ አገር ዊጆ የሚባል የሴቶች የቅቤ ማህበር አለ። አንድ ላም ያላት ሴት የሳምንት ቅቤዋ ለገበያ አይሞላም። ስለዚህ የሁላችንንም አዋጥተን ለአንዷ እንሰጣለን፣ በሳምንቱ ደግሞ ለሌላዋ። ተራ የደረሳት ደህና ቅቤ ይዛ ትወጣለች። ረሂማ ላም አልነበራትም። ቅቤያችንን አዲሎ ወስዳ የምትሸጥልን ግን እሷ ነበረች፤ አዲሎ የጭነት መኪና ስለሚቆም ገበያው ይሻላል። መኪናዋ የቆመች ቀን ሁላችንም እንቆማለን።

አንድ ክረምት ላይ የናፍታ ፖምፓው አለቀለት። ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው እሱ ነው፤ ያለሱ መኪና የለም። ረሂማ ኮፋኖው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ተራው የእማማ ጣቢታ ነበር። አሮጊቷ የተሰበሰበላቸውን ቅቤ እንዳለ አንስተው እግሯ ሥር አስቀመጡት።

«የኔን ተራ ለፖምፓው አድርጊው። ምን ያስለቅስሻል?»

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። የኔ ተራ ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ገዛ፣ የከድጃ ተራ ባትሪውን፣ የዘሀራ ተራ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ። ረሂማም መኪናዋን በመጠገን ብቻ አልበቃትም፤ ከበፊቱ የተሻለች ልታደርጋት ተነሣች። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የባሌስትራ ብረት ፈልጋ ጨመረችባት፣ ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አስበየደችላት፣ የአየር ማጣሪያውን ከትራክተር በወጣ ተለቅ ያለ ቀየረችው። ዳገት ላይ ያንን ጥቁር ጭሷን መትፋት ተወች። እሷ ከሥር ሆና የፍሬኑን አየር ስታወጣ እኛ ነጠላችንን አሸርጠን ፔዳል እንረግጣለን። የመፍቻ ቁልፍ ቁጥር የማያውቅ ሴት በማህበራችን አልነበረም።

እማማ ጣቢታ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጓድ ማቴዎስ እናት ናቸው፤ የሚኖሩትም ከሱ ጋር ነበር። ልጃቸው የሚጸልዩበትን ቤት አሽጎ የቀበሌ መጋዘን ካደረገው ወዲህ ግን «ብላ» እና «ጠጣ» ካልሆነ በቀር ብዙ አያናግሩትም ነበር። ልጅ ነውና ምን ያድርጉት።

መንደር ምሥረታው በተፋፋመበት በ1979 ዓ.ም. ይኸው ማቴዎስ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ የረሂማን ግቢ ረገጠ። ከዚያ በፊት መኪናዋን ሲያያት ለጓደኞቹ «በቅርቡ ስነዳት ታያላችሁ» ብሎ ፎክሯል ተብሎ ተወርቶ ነበርና ሁላችንም ተንጋግተን ተከተልነው።

«ይህች መኪና በአንድ ግለሰብ እጅ መቆየቷ ከአብዮቱ ጋር አይሄድም» አለ። «ለመንደር ምሥረታው ሥራ ትፈለጋለች። ቁልፉን አምጪ።»

ረሂማ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። «የግለሰብ አይደለችም። የማህበር ናት። በየስብሰባው ተደራጁ የምትለን አንተ አይደለህ? ይኸው ተደራጅተናል።»

«የምን ማህበር? የት ነው የተመዘገበው?» ሲቆጣ ድምፁ ይቀጥናል። «ያልተመዘገበ ማህበር አናውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል!»

ከድጃ ክርኔን ቆነጠጠችኝ። ዊጆ ሲፈርስ ሕግ አለው፤ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። በፈረሰበት ቀን እያንዳንዷ ድርሻዋን ይዛ ቤቷ ትገባለች፣ የሌላዋን ድርሻ የነካ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። ማቴዎስ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ይህን ማወቅ ነበረበት። የስብሰባ ብዛት የእናቱን ነገር አስረስቶታል።

ቢፎክርም መንዳት ስለማይችል ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሾፌር ሊያመጣ ተነሣ። «እስክመለስ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል!» ብሎ አንዱን ጠባቂ አቁሞ ሄደ። ያቆመው ጠባቂ የከድጃ ወንድም ጀማል ነው። ጀማል ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና ሲጋራውን ለኮሰ።

ረሂማ የመሣሪያ ሳጥኗን መሬት ላይ ዘረገፈችው።

«ማህበሩ ፈርሷል ተብሏል» አለች። «ኑ፣ ድርሻችሁን ውሰዱ።»

የመጀመሪያውን ብሎን የፈታችው ራሷ ናት። ያንን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን በገዛ እጇ።  ባትሪው ወጣ፣ ሞተሪኖው ወረደ፣ ኢንጀክተሮቼ አንድ በአንድ ተነቅለው በጨርቅ ተጠቀለሉ። መኪናዋን በክሪክ እያነሣን ከሥሯ ድንጋይ አስገባንና ጎማዎቹን አወለቅን። የአውራጃው ሰዎች ስብሰባ ላይ ነበሩ አሉ፤ የዚያን ዕለት ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን። ሴቱ ሁሉ እየተሸከመ ወጣ።

ፖምፓው ለመጨረሻ ቀረ። ረሂማ እንደ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ በቃጫ ስታስረው እማማ ጣቢታ እጃቸውን ዘረጉ።

«የኔ ነው። አምጪ።»

ደነገጥኩ። «እማማ፣ እርስዎ ቤት? አንበሳው አፍ ውስጥ?»

«አንበሳውን ያጠባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጥርሱን አውቀዋለሁ።»

ተሸክመው መንገድ ሲወጡ ልጃቸው ከሾፌሩ ጋር ሲመጣ ተገናኙ። «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ቅቤ ብቻሽን?» አለና አብሮት የነበረውን ጠባቂ አሸክሞ እስከ ቤት አደረሰላቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ግቢው ሲደርስ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ኮፋኖዋ ተከፍቶ ሆዷ ባዶ ነው። ረሂማ በረንዳው ላይ እጇን በሳሙና ትታጠባለች።

«ምን አደረግሽ?» አለ።

«እንዳልከው ንቅንቅ አላለችም። ያለችበት ናት።»

በጥፊ መታት። አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው እያየ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት። ረሂማ ጉንጯን አልነካችም፤ የቀረ ሳሙና ነበረባትና እጇን መታጠቧን ቀጠለች። 

የአውራጃው ሾፌር ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ «ጎማና ባትሪ ከየትም ይገኛል። ያለ ናፍታ ፖምፓው ግን ይህች የዶሮ ቤት ናት» አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ የማቴዎስ ሥራ ሁሉ ፖምፓ ፍለጋ ሆነ። ረሂማን ቀበሌ አሰራት። የየቤታችንን አልጋ አስገለበጠ፣ የቆጮ ጉድጓዴን ሳይቀር አስቆፈረ። ጎማዎቹንና ባትሪውን አግኝቶ ወሰደ፤ ትንንሾቹ ዕቃዎች ግን አመለጡት። ፖምፓው ከተገኘ መኪናዋ እንደምትሄድ፣ ካልተገኘ እንደምትቀር እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ያልፈተሸው አንድ ቤት ብቻ ነበር።

ረሂማን በየቀኑ «ፖምፓው የት ነው?» ይላታል።

«ባለቤቱ ዘንድ።»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«ቅቤ ያዋጣ።»

እኛ ተራ ገብተን ምግብ እናመላልስ ነበር፤ ምግቡን አስገብተንም አንሄድም፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። ሃያ ሴት ቢሮ በር ላይ ስታወራ ቢሮ ሥራ አይሠራም። በመጨረሻ ሰለቸውና ለቀቃት። ስትወጣ ከስታ ነበር፤ ያወራችው የመጀመሪያ ነገር ግን «ኢንጀክተሮቹን እርጥበት እንዳይነካቸው» የሚል ነው።

ያንን ሁሉ ጊዜ መኪናዋ በየቤታችን አደረች። ረሂማ ቅቤውን በእግሯ ፎንቆ እያመላለሰች፣ ሲመሽ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች ዕቃዎቿን እንደ ታማሚ ትጠይቃቸዋለች። ዘይት አይገኝም ነበርና እኛ የምናውቀውን ቀባን፤ ቅቤ። የዘሀራ ድመት ሞተሪኖውን ልሳ ልሳ ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም ነበር። ረሂማ ይህን ስታይ አብዳ ጮኸችብን፤ ቆይታ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ ጥፊ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እማማ ጣቢታ ደግሞ ፖምፓውን ትልቁ የቅቤ ማሰሯቸው ውስጥ ዘፍቀውት ነበር፣ ከላይ ቅቤ ሞልተው። ማቴዎስ ከዚያው ማሰሮ ይበላል። አንድ ቀን ጉርሻውን አኘከና ቆም አለ አሉ።

«እማዬ፣ ይህ ቅቤ ናፍታ ናፍታ ይላል።»

«ላሚቱ የምትግጠውን ሣር የናንተ ትራክተር ሲረግጠው ይውላል» አሉት። «ምን ላድርግልህ? ብላ።»

በላ።

ቀን እስኪያልፍ ያለፋል። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ የሚሉት በሬዲዮ ታወጀ፤ ሰው በግሉ መሥራት ይችላል ተባለ። ዜናው በተሰማ ማግስት ጠዋት ማንም ማንንም ሳይጠራ ሴቱ ሁሉ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ የረሂማን ግቢ ሞላው። ጎማና ባትሪ ከአዲሎ በውሰት መጣ። ረሂማ ቱታዋን ለብሳ ሥሯ ገባች። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ አቀበልን፣ በናፍታ አጠብን፣ ተሰደብን።

አመሻሽ ላይ ማቴዎስ ብቻውን መጣ። ጠባቂም አላስከተለ። አጥሩ ሥር ቆሞ ያይ ጀመር፤ ከዚያ እናቱ ማሰሯቸውን ተሸክመው ሲገቡ አየ። እማማ ጣቢታ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ፖምፓውን አወጡ። ቅቤው ይንጠባጠብ ነበር።

«እኔ ቤት?» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬ፣ እኔ ቤት?»

እሳቸው ፖምፓውን ለረሂማ አቀበሏት። ረሂማ ፖምፓውን አጥባ ገጠመችው፣ ከመስመሩ አየር አወጣች፣ ገብታ አስነሣች። አንዴ አሳላት፣ ሁለቴ አሳላት፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። እልል ያልነው የፎንቆ ሰው ሳይሰማው አልቀረም። እማማ ጣቢታ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ረሂማ ጎን ተቀመጡ። እኔና ከድጃ ብቻ ከኋላ ዘለን ገባን፤ ሌሎቹ በሩን ሊከፍቱ ሮጡ።

ማቴዎስ ወደ መስኮቱ ቀረበ። ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

«ፎንቆ ነው የምትሄዱት?» አለ። «እኔም ጉዳይ ነበረኝ። አንድ ሰው የሚሆን ቦታ…»

ረሂማ አላየችውም። ወደ ጎን ዞራ አሮጊቷን አየች። «እማማ፣ ቦታ አለ?»

እማማ ጣቢታ ልጃቸውን አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፣ ግን አልፈሰሰም።

«ሞልቷል» አሉ።

ከእኔና ከከድጃ በቀር ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚው ባዶ ነበር። ረሂማ ማርሽ አስገባች።